የሐዘንተኛ ፈረስ ዋጋ

የሞተ ሰው ንብረት ለመግዛት ስትሄዱ አስቀድማችሁ የምታዘጋጁት ገንዘባችሁን ሳይሆን ፊታችሁን ነው። ገንዘብ ቢጎድል ከጎረቤት ይለመናል፤ ፊት የሚያውስ ጎረቤት ግን የለም። እኔ ከማርቆስ ወጥቼ የደብረ ኤልያስን መንገድ ከያዝኩ ጀምሮ ፊቴን እያለማመድኩ ነበር የምሄደው። ቅንድቤን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ከንፈሬን እመጥጣለሁ፣ አንገቴን ወደ ግራ አዘነብላለሁ። አንዲት ጭራሮ የተሸከመች ሴት ከነሸክሟ ቆማ አየችኝና፣ "ወንድሜ፣ ጥርስህን ነው? ጤና አዳም ንከስበት" አለችኝ። ያን ጊዜ ፊቴ መብሰሉን አወቅሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባጃጅ ማርቆስን ሳይወርራት በፊት እኔ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ በፈረስ ጋሪ ጭኜ የገጠር ገበያ እዞር ነበር፤ ስመለስ ጤፍና ኑግ ይዤ እመጣለሁ። ንግዱን የሚሠራው ፈረሱ ነው፤ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ አተርፋለሁ። ይህ ባልንጀራዬ በኅዳር ወር፣ ጤፍ ሊወቃ ሲል፣ ዳገት መሐል ቆመ። ዞሮ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ማንንም እንዳያስቸግር እንደሚጠነቀቅ እንግዳ፣ ተኛ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፣ በሕይወቱ ነግሬው የማላውቀውን ምስጋና ሁሉ አወረድኩለት። አልተመለሰም። የቀረውን ጅብ ጨረሰው።

ጋሪው ግን ደህና ነው። ፈረስ የሌለው ጋሪ ማለት ባለሁለት ጎማ አግዳሚ ወንበር ነው፤ ጎረቤቶቼ መጥተው እየተቀመጡበት አጽናኑኝ። ሚስቴ ቆማ ጋሪውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ደግማ ጋሪውን አየችው። "አንተን ብናስርበትስ?" አለች። እየሳቀች ብትናገረው ደስ ባለኝ። የጤፍ ሰሞን ለነጋዴ ዓመቱን ሙሉ የሚበላበት ሰሞን ነው። ማዶ ያለው ነጋዴ ደንበኞቼን በሰላምታ ብዛት እያለማመዳቸው ነው። ቶሎ ፈረስ ካላገኘሁ ከአግዳሚ ወንበሬ ጋር ክረምት ሊገባብኝ ነው።

የፈረሱን ወሬ የሰማሁት ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮ ቤት የሰማችሁትን ወሬ እንደ ዱቄቱ ነፍታችሁ ውሰዱት፤ ይኸኛው ግን ብትነፉትም ያው ነው።

ከደብረ ኤልያስ ወዲህ ባለ አንድ መንደር አያ ይርዳው የሚባል ገበሬ ሞተ። አያ ይርዳው በድንበር የሚዋሰነውን ሁሉ የከሰሰ፣ ድንበሩ ያልደረሰበትን ደግሞ በምስክርነት የጎዳ ሰው ነበር። ልጅ የለውም። ታናሽ ወንድሙን አያ አለኸኝን በአንዲት ጥማድ መሬት ካኮረፈ ብዙ ክረምት አልፏል፤ ሁለቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በሁለት በር ነበር የሚገቡት። ሲሞት አገሩ ለለቅሶ ወጣ፤ መውጣቱንስ ወጣ። የቀረ ቅጣት አለበት።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ባለ ርስት ሲሞት ፈረሱ ይሸለማል። ኮርቻው ላይ ልብሱና ጠመንጃው ይደረግና በለቅሶው መሐል ይዞራል። ባዶ ኮርቻ ሲያልፍ አይቶ ዓይኑ የማይረጥብ የለም። ለአያ ይርዳው ግን የማንም ዓይን አልረጠበም። አልቃሿ ድምጿ እስኪሰነጠቅ ብታወርድ፣ ሰዉ ከንፈሩን እንኳ የሚመጠው በስስት ነው። ይሄኔ ፈረሱ ዳሱ ዘንድ ደረሰና ቆመ። የዳሱን ምሰሶ በላይኛው ጥርሱ ነከሰ፤ አንገቱን ቆለመመ፤ ከሆዱ ሥር "እህህህ!" አለ። ደገመ። "እህህህ!"

ለቅሶው ፈነዳ። አልቃሿም ጊዜ አላጠፋችም፦

"የሰው ዓይን ደረቀ በይርዳው ሞት፣
ፈረሱ አለቀሰ ምሰሶ ነክሶለት።"

አያ አለኸኝ መሬት ላይ ወደቀ፣ ተንከባለለ፣ አፈር በተነ። "እንስሳ እንዲህ ያዘነለትን ወንድሜን እኔ ጠላሁት!" እያለ ጮኸ። ከዚያ ተነሥቶ በካህንና በሽማግሌ ፊት ማለ፤ የወንድሜን ድንበር ላልነካ፣ የሚስቱን እርሻ ላልመኝ፣ እሷን ከቤቷ ላላነቃንቅ አለ። ሁለቱን ጎረምሳ ልጆቹንም እጃቸውን ይዞ አስማለ። ልጆቹ አባታቸው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አይተው ደንግጠው ማሉ እንጂ፣ ያቺን እርሻስ ከቀብሩ በፊት በእርምጃ ለክተዋታል ይባላል።

ይህን የነገረችን ሴት ዱቄቷ ላይ አለቀሰች። ወፍጮ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። የእኔ ዓይን ብቻ ደረቀ።

ምክንያቱም እኔ ፊደሉንም ሆነ ፈረሱን የተማርኩት መንገድ ላይ ነው። ጎረምሳ ፈረስ ጋጥ ውስጥ ያለ ሥራ ተዘግቶ ሲውል አንዳንዱ ክፉ ዐመል ያወጣል፦ ያገኘውን እንጨት ይነክስና ነፋስ ይውጣል፤ ሲውጥ "እህህህ" ይላል። ሐዘን አይደለም። ሠርግ ቤት ብታቆሙት ያንኑ ይላል። ነፋሱ ሆዱን ይነፋዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ጥርሱ ያለ ዕድሜው ያልቃል። ሥራ የበዛበት ጊዜ ይረሳዋል፤ አይተወውም። እንዲህ ያለው ፈረስ ነውሩ ካልታወቀ ያኔ ዘጠኝ መቶ ብር ያወጣል። ከነነውሩ አምስት መቶ። ከነሐዘኑ ስንት እንደሚያወጣ ግን ገበያው ገና አልወሰነም ነበር።

እኔ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም፤ የምገዛው እንከን ነው፤ ዕቃው ተከትሎ ይመጣል። ፊቴን አበሰልኩ፣ አንድ ሺህ ብር በካፖርቴ ውስጥ ኪስ ሰፋሁ፣ ሄድኩ።

የሟች ሚስት አንጓች ትባላለች፤ በዕድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው። ከል ለብሳ፣ ጸጉሯን ተላጭታ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

"እግዜር ያጥናሽ፣ እታለም" አልኩና ተቀመጥኩ። አለቀስኩ። በደንብ ነው ያለቀስኩት፤ የገዛ ፈረሴን እያሰብኩ።

ትንሽ ጠበቀችኝና፣ "ይርዳውን ታውቀው ነበር?" አለችኝ።

"እንዴት አላውቃቸውም!"

"ከሶህ ነበር?"

"ኧረ የለም።"

"እንግዲያስ አታውቀውም" አለች። ተነሣች። "ፈረሱን ልታይ ነው የመጣኸው። ና፣ ፊትህ ሳይደክም እንጨርስ።"

ጋጡ ውስጥ ገባን። ፈረሱን ሳየው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ዘለለ። ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦራ፤ ደረቱ ሰፊ፣ ኮቴው ጥቁር፣ አቋሙ ገና መሬቱን የሚንቅ። ነጋዴ ዕቃ ሲያምረው መጀመሪያ የሚያደርገው ዘወር ብሎ ሌላ ነገር ማየት ነውና ዘወር ብዬ ግርግሙን አየሁ። የግርግሙ ከንፈር ትናንትና በተለቀለቀ እበት ተሸፍኗል። በጥፍሬ ቧጠጥ አደረግሁት። እንጨቱ ተበልቶ ተበልቶ የመቶ ዓመት ማበጠሪያ መስሏል።

"ምንድን ነው ይሄ፣ እታለም?"

"ምስጥ ነው።"

"ምስጥ!"

"ዘንድሮ ምስጥ በዝቷል።"

"ጥርሱ እኮ የአውራ ጣቴን ያክላል። እንዲህ ያለ ምስጥ ካላችሁማ እሱን ጋሪ ላይ ባሠራው ይሻለኛል።"

እሷ ሳትመልስልኝ ፈረሱ መለሰልን። ከእበቱ ያመለጠች አንዲት ጫፍ ፈልጎ ነከሰና "እህህህ!" አለ።

"አዝኖ ነው" አለች ወደ መሬት እያየች።

"በቀን ስንቴ ያዝናል?"

"ገብስ እስኪሰጡት ድረስ" አለችና ግርግሙ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ አልዋሸችኝም። ፈረሱ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። ይርዳው ዐመሉን ሊያስተወው ስንት ጊዜ ደበደበው፣ በርበሬ ቀባበት፤ በርበሬውን ለምዶት ቁጭ አለ። "አለኸኝ ይህን አያውቅም፣" አለች። "እዚህ ደጃፍ ከረገጠ ስንት ዘመኑ። ልጆቹም አያውቁም። ያ መሐላ የቆመው በዚህ ፈረስ ጥርስ ነው። የፈረስ ዐመል መሆኑን ያወቁ ዕለት 'ተታለን ነው የማልነው' ብለው ያርሱብኛል። ልጅ የለኝ፣ ወንድም የለኝ፤ ከዚያች እርሻ ሌላ መግቢያ የለኝም። ከመንደሩ አውጣልኝ። ስንት ትሰጠኛለህ?"

"አምስት መቶ።"

"ይሁን።"

ነጋዴ ቶሎ እሺ ሲባል ይታመማል። እኔ እስከ ሰባት መቶ ልከራከር ጉሮሮዬን ጠርጌ መጥቼ፣ "ይሁን" የምትል አንዲት ቃል አግኝቼ ምን ላድርጋት? አራት መቶ ማለት ነበረብኝ እያልኩ እየተቆጨሁ፣ ልባቡን ይዛ ፈረሱን ስታወጣው ተከትዬ ወጣሁ።

ደጅ ላይ አያ አለኸኝ ቆሟል። ከእሱ ጋር ሦስት ሽማግሌዎች፣ የሟች ንስሐ አባት የነበሩት ቄስ፣ ሁለቱም ጎረምሶች። የሟች ከብት ሽማግሌ ሳያይ ከግቢ አይወጣም፤ ወሬው ደግሞ እኔ ጋጥ ከመግባቴ በፊት ደርሷቸዋል። አንጓች ፈረሱን ፈጠን ብላ ሣሩ መሐል ወሰደችው፤ አጥርም ዛፍም ከማይደርስበት። እኔም ዘወር አልኩና የአንደኛውን ሽማግሌ ከዘራ ከፈረሱ አፍ ከለልኩ። ሳንነጋገር ሽርካ ሆንን።

"ሊሸጥ ነው አሉ?" አለ አያ አለኸኝ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ዓይኑ ከለቅሶው ገና ያልዳነ ሰው ነው። "ይህ ፈረስ ከዘር አይወጣም። እኔ ነኝ የምገዛው!"

አንጓች ወደ እኔ አየች። ፊቷ ከከሉ ጨርቅ ጋር አንድ ሆነ። አለኸኝ ከገዛው ነገ ጠዋት ያለ ምንም ሐዘን የራሱን ግርግም ሲበላ ያየዋል።

"ስንት ብለሃል፣ ነጋዴው?"

"አምስት መቶ።"

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። "ለዚህ ፈረስ? ጌታውን ላለቀሰ ፈረስ አምስት መቶ?" አለ አንዱ። "እኔ ስሞት አንተ አታለቅስልኝም፣ ለአንተ ስንት ልክፈል?" አለው ሁለተኛው።

"ስድስት መቶ" አለ አያ አለኸኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ይህን ጨረታ በአንዲት ዓረፍተ ነገር መግደል እችል ነበር። "ጎበዝ፣ ይህ ፈረስ እንጨት ይነክሳል፤ ግቡና ግርግሙን እዩ" ብል፣ አለኸኝ እጁን ይሰበስባል፣ ዋጋው አምስት መቶም አይደርስ፣ እኔ በአራት መቶ ይዤው እሄዳለሁ። ዓረፍተ ነገሯ ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። አፌን ከፈትኩ። ሁለቱ ጎረምሶች በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ፈረሱን አያዩም። ዓይናቸው ከጓሮ ያለው እርሻ ላይ ነው።

"ስድስት ተኩል" አልኩ።

"ሰባት ተኩል!"

ሌላ መላ ሞከርኩ። "አያ አለኸኝ፣ ዕድሜው ለጋ ነው፤ ሸክም አይችልም። ለአንተ አይሆንህም።"

"ሸክም የማይችል ከሆነ አንተ ለጋሪህ ለምን ትገዛዋለህ? ልታዝለው ነው?"

ሳቁብኝ። "ስምንት" አልኩ። ከዚያ አፌን ደግሜ ከፍቼ "ደግሞ ይህ ቦራው ገደ ቢስ ነው ይላሉ፤ ለዘመድ ቤት አይሆንም" ብዬ ጀመርኩ።

"ገደ ቢስ ፈረስ ጌታውን ያለቅሳል?" አለ ሽማግሌው። "ገደ ቢስ አንተ ነህ።"

"ዘጠኝ መቶ!" አለ አያ አለኸኝ።

"ዘጠኝ ተኩል።"

በሕይወቴ ሙሉ የሰው ዕቃ ሳራክስ ኖሬ፣ ያን ቀን በገዛ እጄ የማስወድደው ለራሴ ሆነ። አንጓች ከእኔ አፍ ላይ ዓይኗን አትነቅልም። እኔም አፌን የማምነው አይመስለኝም ነበር፤ ለሃያ ዓመት ነውር ሲናገር የኖረ አፍ ነው፤ ልማዱ አለ።

ይሄን ጊዜ ቄሱ፣ ነገሩ ሳይከር በበረከት ልለየው ብለው፣ መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ወደ እኛ ቀረቡ። የእንጨት መስቀል ነው። እኔና አንጓች እኩል አየነው። እኔ "አባ!" ብዬ ሳልጨርስ ፈረሱ አንገቱን ዘረጋ፣ ከንፈሩን ገለጠ፣ ወደ መስቀሉ ጎንበስ አለ።

"ሊሳለም ነው!" ብሎ ጮኸ ሽማግሌው።

ሁሉም ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ። ጥርሱ እንጨቱን ነክቶ "እህ" የምትለዋ ከሆዱ ልትነሣ ስትል፣ አንጓች ልባቡን በኃይል ሳበችና "በቃ፣ ተሳልሟል!" አለች። አንዱ ሽማግሌ አለቀሰ። እኔ ላብ አጠመቀኝ።

"ሺህ ሃምሳ" አለ አያ አለኸኝ በደከመ ድምፅ።

ይህ ነገር አንድ ሰዓት ቢቆይ ፈረሱ ጥምጣሙን ሊጠይቅ ነው። "ሺህ ሁለት መቶ!" አልኩ። ድምፄን ሰምቼ ዞሬ ማነው አልኩ። እኔ ነበርኩ።

አያ አለኸኝ መሬቱን ብዙ አየው። "እንግዲህ ይውሰደው፣" አለ። "እግዜር ያሳየው።"

ሺውን ቆጠርኩ። ለሁለት መቶው ካፖርቴን አወለቅሁ። ሽማግሌዎቹ ካፖርቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት፣ ክርኑን በጣት ወጉት። "ይሄ ምንድን ነው?" አለኝ አንዱ። "ብል ነው" አልኩ። አንጓች ወደ ሌላ አየች። በሁለት መቶ ተቀበሉልኝ፤ ውለታ እንደዋሉልኝ ነው የተናገሩት። ዋጋው በምስክር ፊት ጮክ ተብሎ ተነገረ፤ ቄሱ ባረኩ። አንጓች ልባቡን ከፈረሱ ራስ ላይ ፈትታ በእጇ ጠቀለለችው፤ ከብት ሲሸጥ የቤቱ ገድ አብሮ እንዳይወጣ ገመዱ ለሻጭ ይቀራል። እኔ የራሴን ገመድ አሰርኩለት። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ሌላ ነገር ትጨምራለች ብዬ ትንሽ ቆየሁ። አልጨመረችም።

ከመንደሩ ስወጣ አያ አለኸኝ "ልሸኘው" ብሎ ተከተለኝ። ሐዘንተኛን ማን ይከለክላል? እኔ ግን አገሩ እንጨት ብቻ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ግራው የባሕር ዛፍ አጥር፣ ቀኙ የባሕር ዛፍ አጥር፤ ፈረሱ አንገቱን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። መንገዱ መሐል አቧራ ለአቧራ ጎተትኩት። የኅዳር ነፋስ በሸሚዜ ይገባና በጀርባዬ ይወጣል።

"እስቲ እዚያ አጥር ጥግ እናሳርፈው" አለ አያ አለኸኝ።

"አይ፣ ይቸኩላል።"

"ማን? ፈረሱ?"

"አዎ።"

"አንተ ጨካኝ ነህ። ሰው የሞተበት እኮ ነው" አለኝ።

ከወንዟ ስንደርስ ግን አጥር የለም ብዬ ተዘናጋሁ። ድልድዩን ረሳሁት። የድልድዩ መደገፊያ አጣና ነው። ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ሲመኝ የዋለውን አገኘ፤ አጣናውን በሙሉ አፉ ነከሰና ሸለቆው እስኪያስተጋባ "እህህህ!" አለ። ደገመ። ሠለሰ።

አያ አለኸኝ ቆሞ ያየዋል። እኔ መዋሸት ጀመርኩ። "ጌታው በዚህ ወንዝ ያጠጣው ነበር መሰለኝ፤ ውኃውን ሲያይ ትዝ አለውና..."

"ተው፣ ነጋዴው" አለኝ።

"ምን?"

"እናቱም እንዲሁ ነበረች። ያባታችን ቤት ፈረሶች ዘራቸው በሙሉ እንጨት ነካሽ ነው። የተበላውን ግርግም በየክረምቱ የምንጠግነው እኔና ይርዳው ነበርን፤ እሱ እንጨቱን ይይዛል፣ እኔ እመታለሁ።"

ገመዱ ከእጄ ወደቀ። ፈረሱ አልሸሸም፤ ሥራ ላይ ነው።

"ታውቅ ነበር?"

"ዳሱ ሥር ሊነክስ ሲል፣ ገና ጥርሱ እንጨቱን ሳይነካ ነው ያወቅሁት።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ? መንከባለሉ?"

"ለቅሶውማ የራሴ ነው፣" አለ። "ማስጀመሪያ ነበር ያጣሁት።"

ንዴቴ ግን ነጋዴ ነውና ሐዘኑን አልጠበቀም።

"እሺ፣ መሐላውስ ደግ። ዋጋውን ምን አድርጌህ ነው የሰቀልክብኝ?"

"ምን ላድርግ? ጋጥ ገብተህ ስትወጣ ጥፍርህ ውስጥ እበት አየሁ። ግርግሙን እንዳየኸው ገባኝ። ልጆቼ ቆመዋል፤ ከአንተ አፍ አንዲት ቃል ብትወጣ ሚስቱን ነገውኑ ከእርሻዋ ያወጧታል፤ እኔ አርጅቻለሁ፣ አልመልሳቸውም። አፍህን በከፈትክ ቁጥር 'አሁን ሊናገር ነው' እያልኩ ደሜ ይደርቃል። ነጋዴ ቁጥር ሲሰማ ሌላውን ይረሳል ብዬ መቶ እጥልብሃለሁ። ዝም ትላለህ። ደግሞ ትከፍታለህ። ደግሞ እጥላለሁ።"

"እኔ እኮ ልናገር አልነበረም!"

"በምን ልወቅ?" አለ አያ አለኸኝ። "ነጋዴ ነህ።"

ካፖርቴ ትዝ አለኝ። እሱ ግን ፈረሱን ግንባሩ ላይ መታ መታ አደረገውና ወደ መጣበት ዞረ። ትንሽ ሄዶ ተመለሰ። "አደራህን፣ ለአንጓች እንዳትነግራት። የማላውቅ ነው የሚመስላት፤ ካወቀች ስትገናኘኝ ታፍራለች።"

እንዲህ ሆኖ ነው በማርቆስ ገበያ ስሜ የወጣው። "የፈረስ እንባ የገዛው ነጋዴ" ይሉኛል። የጤፍ ሻጮች ከሩቅ ሲያዩኝ ከንፈራቸውን መምጠጥ ይጀምራሉ፤ "ይህን ጤፍ ያጨደው ሰው ሳይበላው ሞተ" ይሉና በኩንታል ሃያ ብር ይጨምሩብኛል። ልከራከር አፌን እከፍታለሁ። የፈረሱ ነገር ዐመል እንጂ ሐዘን እንዳልነበር ማርቆስ ገበያ ላይ የተነገረ ዕለት፣ በሳምንቱ ደብረ ኤልያስ ይደርሳል። አፌን እዘጋና እከፍላለሁ።

አንጓች ዘንድሮም እርሻዋን አሳርሳ ጤፍ ዘርታለች አሉ። ምርቱን ማርቆስ ድረስ ራሷ ይዛ ትመጣለች። በእኔ መደብ በኩል ስታልፍ እጅ ትነሣኝና ማዶ ላለው ነጋዴ ትሸጣለች። ለሌላው ከፍዬ ከፍዬ ለእሷ የሚተርፈኝ የለምና፣ እሱ ከእኔ የተሻለ ዋጋ ይሰጣታል።